በፈረንጅ ሰዓት ተጀምሮ በሐበሻ ሰዓት ያለቀ ሥራ

የወይዘሮ ጥሩወርቅ ሙት ዓመት ባለፈው ሳምንት ታሰበ። ጸሎቱ አልቆ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ስንወጣ የልጅ ልጃቸው ሐረግ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «ጋሼ፣ አሁንስ ቢጽፉት?» አለችኝ። ምኑን እንደ ሆነ አልጠየቅኋትም። ያንን ነገር የምናውቅ በዚህ ከተማ ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ እሷና እኔ። አያቷ በሕይወት ሳሉ ይህ ጽሑፍ ሊጻፍ አይችልም ነበር፤ ዛሬም የምጽፈው የሚከፋው ሰው አለመኖሩን ካረጋገጥሁ በኋላ ነው። ስለ ራሴ ማውራት ልማዴ አይደለም። ብዙ ዓመት ዝም ያለ ሰው አፉን ሲከፍት ድምፁ ለራሱም እንግዳ ይሆንበታል፤ አንባቢ ይህን አስቦ ይታገሠኝ። ሐረግ መንገዱ ተከፍቷል ስለ ተባለ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ባሕር ዳር ትሄዳለች። እኔ እዚሁ ነኝ።

ወደ ፍኖተ ሰላም ስመጣ ለአጭር ጊዜ ነው ተብዬ ነበር። ወጣት ነበርሁ፤ በአዲስ አበባ ሂሳብና ኮምፒውተር ተምሬ በዚያው ለማስተማር ቦታ ተዘጋጅቶልኝ ሳለ፣ «አገርህ ነው፣ መሥሪያ ቤቱን አቋቁመህላቸው ትመለሳለህ» ተባልሁ። ከመናኸሪያው ስወርድ ዓይኔን የሞላው ካኪ ቁምጣ ነው። ወንዱ ሁሉ ጋቢውን በትከሻው ጥሎ፣ ዱላውን በማጅራቱ ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጆቹን አንጠልጥሎበት ይሄድ ነበር። ባጃጅ የሚባል ነገር ገና አልታወቀም፤ ዋናው መንገድ የጋሪ ነበር፣ የፈረሱ ግንባር በቀይ ክር ያጌጠ፣ የባለጋሪው ጅራፍ ከማስፈራራት በቀር ብዙ ሥራ የማይሠራ። ሻይ በስሙኒ ይጠጣል፣ ዳቦውም በስሙኒ ነው፤ ሽልንግ የያዘ ሰው ጠዋቱን ሙሉ ጌታ ነበር። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት አንድ ካሴት ቤት ነበረች። በሯ ከተከፈተ ጀምሮ የምታሰማው አንዲት የማሲንቆ ዜማ ናት፤ ሩቅ አገር ሄዶ ስለ ዘገየ አንድ ሰው። እኔ የዘፈን ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን በዚያች በር ለማለፍ ስል መንገድ አዙሬ ቢሮ የገባሁበት ጠዋት ጥቂት አይደለም። በአዲስ አበባ የምትጠብቀኝ ሰው ነበረች። ስሟን እዚህ አልጽፍም። ካሴት ቤቷ ዛሬ ስልክ የሚጠገንባት ሆናለች፤ ጠጋኙ ልጅ በጆሮው ውስጥ በደፈነው ነገር ብቻውን ይሰማል፣ መንገደኛው ምንም አይደርሰውም።

የተመደብሁበትን መሥሪያ ቤት ስም መጥራት አያስፈልግም። ሥራችን ከየቀበሌው የሚመጣውን የገበሬ መዝገብ አቀናጅቶ ለማን ምን ያህል ማዳበሪያና ምርጥ ዘር እንደሚደርስ መደልደል ነበር። ኮምፒውተሩ አንድ ነው፤ የራሱ ክፍል ነበረው፤ ማታ ማታ እንደ ሙሽራ በነጭ ጨርቅ ይሸፈናል። በሆዱ ውስጥ ሰዓት የምትጠብቅለት የአዝራር ያህል ባትሪ ነበረችው፣ እሷ ግን ከእኔ መምጣት አስቀድማ ሞታለች። ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ቀኑንም ሰዓቱንም ይረሳል፤ በሰዎች ፊት ተነሥቶ ያለበትን ዘመን እንደሚጠይቅ በሽተኛ ነበር። ሰዓቱን መልሶ የመሙላቱን ሥራ ማንም ሳያዝዛቸው የያዙት የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር ሲዛነፍ የማይወዱ ሴት ነበሩ፤ ወረቀት እንኳ በጠረጴዛ ላይ ጠምዘዝ ብሎ ካዩት ሳያቀኑት አያልፉም። በግራ እጃቸው ትልቅ የወንድ ሰዓት ያሥሩ ነበር። ባላቸው ወደ ጦር ሜዳ ሲሄድ ያስቀመጠላቸው ነው፤ እሱ አልተመለሰም። መብራት ሲመጣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ያን ሰዓት ተመልክተው ማሽኑን በዚያው ይሞሉታል፤ ጎህ ሲቀድ ዐሥራ ሁለት፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ስድስት፣ ማንም ጤነኛ ሰው እንደሚቆጥረው። እኔ ደግሞ ማሽኑ በተሠራበት አገር ልማድ በፈረንጅ እንዲሄድ እፈልግ ስለ ነበር አልፎ አልፎ እመልሰዋለሁ። እሳቸው አይተው ያቃኑታል። ተነጋግረንበት አናውቅም።

አባቴ በቡሬ አቅራቢያ ባለች አንዲት ደብር መሪጌታ ነበሩ። በጾም ወራት የቅዳሴ መግቢያ ሰዓት የሚታወቀው በጥላ ነው። አባቴ ከቅጽሩ ደጃፍ ቆመው የራሳቸውን ጥላ ጫፍ በዓይናቸው ይይዙና ተረከዝን ከጣት እያገናኙ በእግራቸው ይሰፍሩታል። ክረምት ሲሆን ግን ደመናው ጥላ አያሳይም፤ ያን ጊዜ ዳዊት ይደግማሉ። መዝሙሩ ዐሥር ዐሥር እየሆነ «ንጉሥ» በሚባል ክፍል የተከፈለ ነው፤ የአባቴ አደጋገም የማይፈጥን የማይዘገይ ስለ ነበር ይህን ያህል ንጉሥ ሲደርሱ ቀኑ ምን ያህል እንደ ገፋ ያውቁታል። ጥላው የሚመልሰው «አሁን ስንት ሰዓት ነው?» ለሚል ሰው ነው። ዳዊቱ ስለ ሰዓቱ ምንም አያውቅም፤ እሱ የሚመልሰው «ከጀመርን ምን ያህል ሄድን?» ለሚለው ነው፣ ወደ ኋላም አይደገምም። በኋላ በትምህርት ቤት ኮምፒውተር ውስጥ ሁለት ሰዓት እንዳለ ስሰማ አልገረመኝም። አንደኛው በማሽኑ መስኮት ጥግ የሚታየው፣ ሰው እንዳሻው ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚወስደው ነው። ሁለተኛው አይታይም፤ ማሽኑ ከበራባት ቅጽበት ጀምሮ ወደ ፊት ብቻ ይቆጥራል፣ ጠዋት ይሁን ማታ ግድ የለውም፣ ማንም እጁን ሰዶ ሊያዛንፈው አይችልም።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ለድልድሉ ሥራ እኔ አንድ ፕሮግራም ጽፌ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ተላከ። ከሁለቱ ፈጣኑ ተፈትኖ ይወሰድ ተባለ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ቢያድግልኝ፣ ከደረት ኪሳቸው ሦስት እስክሪብቶ የማይለይ፣ ሳቅም ቁጣም የሚቀርባቸው ሰው፣ «የነሱ ከበለጠ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ? መልቀቂያህን ጽፌ እሸኝሃለሁ» ብለው ፈተናውን እንዲያይ በተመረጠው ኮሚቴ ፊት ቃል ገቡልኝ። የአዲስ አበባው እንደሚበልጥ አውቅ ነበር። የእኔው በቅንነት የተጻፈ ነው፤ ግን ዘገምተኛ ነው። በሕይወቴ ለመሸነፍ እንዲህ የጓጓሁበት ጊዜ የለም።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ። «የፈጀውን ጊዜ ማሽኑ ከበራ ጀምሮ በሚቆጥረው ቁጥር ብንለካው ይሻላል» አልሁ። «በጥጉ ላይ የሚታየውን ሰዓት ሰው ይነካዋል።»

«ቁጥሩን እስቲ አሳየኝ» አሉ አቶ ቢያድግልኝ።

አሳየኋቸው። ከወረቀቱ ዳር እስከ ዳር የሚሄድ ነበር።

«ይሄ የማን ስልክ ነው?» ኮሚቴው በሳቅ ፈረሰ። «ስማ አንተ፣ እኔ ይሄን ይዤ ባሕር ዳር ብወጣ ‹ቢያድግልኝ ለየለት› ነው የሚሉኝ። ሰው የሚያነበው ነገር አምጣልኝ። በዚህ ሰዓት ጀመረ፣ በዚህ ሰዓት ጨረሰ፤ አለቀ።»

«ሰዓቱ ግን ጌታዬ …»

«ሰዓት ሰዓት ነው!»

በመጀመሪያው ቀን የአዲስ አበባው ተፈተነ፤ ጠዋት ተነሥቶ ምሳ ሳይደርስ ጨረሰ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ የዚያን ቀን ለለቅሶ ሄደው አልነበሩም። በማግስቱ የእኔ ተራ ሆነ። ሰዓቱን በፈረንጅ መሙላቴን አይቼ፣ ስምንት ተኩል ሲል፣ ማለትም በእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሥራውን አስጀመርሁት። አቶ ቢያድግልኝና ኮሚቴው ለስብሰባ ቡሬ ሄዱ። እኔ ቆሜ ብጠብቀውም ባልጠብቀውም የሚፈጥን አልነበረምና ለምሳ ወጣሁ።

ስመለስ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በማሽኑ ክፍል አቧራ ሲያራግፉ አገኘኋቸው። ፊታቸው ላይ ሳይነግር ለሰው ውለታ የዋለ ሰው ፈገግታ ነበር።

«ሰዓቱን አስተካክዬልሃለሁ» አሉኝ። «ስድስት ሰዓት ሙሉ አሳስተኸው ነበር እኮ! አንተን የመሰለ የተማረ ሰው!»

የእጃቸውን ሰዓትና የማሽኑን አየሁ። አንድ ሆነዋል። ሥራው አልተቋረጠም፤ ከሥሩ ምድር እንደ ተሳበበት ሳያውቅ ይሄዳል። «ምንም አይደለም፣ እትዬ» አልኋቸው። ይህን ለኮሚቴው ለማስረዳት ሁለት ቃል ይበቃል ብዬ አስቤ ነበር።

ሥራው ያለቀው ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ከዐርባ ላይ ነው። ማተሚያው እየጮኸ ወረቀቱን ተፋው። ጀመረ፣ ስምንት ተኩል። ጨረሰ፣ ስምንት ከዐርባ። የፈጀው፣ ዐሥር ደቂቃ። በፈረንጅ ተጀምሮ በሐበሻ አልቆ፣ ከመካከሉ ስድስት ሙሉ ሰዓት ጠፍቷል። ወረቀቱን ገና በእጄ እንደ ያዝሁ መኪናው ግቢ ገባ። ከቡሬ ሁለት ጆንያ በርበሬ ጭነው ነበርና ኮሚቴው እያስነጠሰ፣ ዓይኑን እየጠራረገ ነበር የወረደው። ዛሬም ድረስ የቡሬ በርበሬ በፀሐይ ተሰጥቶ ሲሸተኝ በመጀመሪያ የሚመጣብኝ ምግብ አይደለም፤ የአቶ ቢያድግልኝ እጅ ያን ወረቀት ከእጄ ሲነጥቅ ነው።

«ዐሥር ደቂቃ!» ጮኹ። «የነሱ ግማሽ ቀን ሲንፏቀቅ ውሎ፣ የኛው ልጅ ሻይ ሳይቀዘቅዝ!»

«ጌታዬ፣ ስሕተት ነው። ሙሉ ቀን ነው የፈጀው።»

«አይ የመሪጌታ ልጅ!» አለ ከኮሚቴው አንዱ እያስነጠሰ። «ትሕትናው ሊገድለው ነው።»

«ትሕትና አይደለም። ሰዓቱ በመካከል ተለውጧል።»

ሳቁ ቀጥ አለ። አቶ ቢያድግልኝ ወረቀቱን ዝቅ አድርገው አዩኝ። እሳቸው በፈተናው ቀን ማንም ማሽኑን እንዳይነካ በጽሑፍ አዝዘው ነበር፤ ትእዛዙን በታይፕ የመቱት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ራሳቸው ናቸው፤ ሰዓት ማቃናት መንካት ነው ብለው ግን አላሰቡም።

«ማን ለወጠው?»

ወረቀቱን ልመልስ እጄን ዘረጋሁ።

«ንገረኛ! ያንን ማሽን የነካ ካለ ዛሬውኑ ከዚህ ቤት ይወጣል። ስም ጥራና ፈተናውን እንደገና እናደርገዋለን፤ ያንተም መልቀቂያ ከዚያ ይታያል።»

ይህን የምንነጋገረው በኃላፊው ክፍል ቆመን ነው፤ ክፍሉ በመስተዋት የተከፈለ ነበር። በወዲያኛው በኩል ወይዘሮ ጥሩወርቅ የታይፕ ጥብጣብ ይቀይራሉ፤ ጣቶቻቸው ጠቁረዋል። ሁለት ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት መጥተው ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጠው አንድ ዳቦ ይካፈላሉ። በኮንትራት የተቀጠሩ ነበሩ፤ ከዚያች ታይፕ በቀር የሚያኖራቸው ነገር እንደሌላቸው በዚያ ክፍል ያለን ሁሉ እናውቃለን። ቀና ብለው አዩኝና በጠቆረ እጃቸው የሰዓታቸውን መስተዋት መታ መታ አድርገው ሳቁ። የማሽኑን ሰዓት ማለታቸው ነው፤ «ይኸው፣ ልክ ነው» ማለታቸው።

«አላውቅም» አልሁ።

«እንግዲያው አንተን ልመን ወይስ ማሽኑን?» አሉ አቶ ቢያድግልኝ፤ መልሱንም ሳይጠብቁ ወረቀቱን አጥፈው ከእስክሪብቶዎቹ ጎን በደረት ኪሳቸው ከተቱት። በማግስቱ ባሕር ዳር ደረሰ። መልቀቂያ ልጠይቅ በገባሁ ቁጥር የሚሰጡኝ መልስ አንድ ሆነ፤ «አንተን የመሰለ ሰው ለቅቄ ነገ ማን ሊፈርድልኝ?»

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው፣ ምንም እንኳ ዕድሜ ቢፈጅም። ፕሮግራሜ በየዓመቱ በድልድሉ ወቅት ሙሉ ቀን ይሠራል፤ በየዓመቱም አንዱ ይመጣና «ድሮ እኮ በዐሥር ደቂቃ ነበር፣ ምን ነካህ?» ይለኛል። ሰነፈ፣ አኮረፈ፣ ልቡ አዲስ አበባ ነው ተባልሁ። ኃላፊዎች ተለዋወጡ፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም ተቀየረ፣ ሰሌዳው ላይ የነበረው ቀለም ሦስት ዓይነት ሆነ፤ ዐሥር ደቂቃው ግን ከአንዱ ኃላፊ ወደ ሌላው እንደ ርስት ይተላለፋል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ደብዳቤ በመጀመሪያ በየሳምንቱ ነበር፣ ከዚያ በየበዓሉ ሆነ፣ ከዚያ አንድ የሠርግ ጥሪ ካርድ መጣና ቆመ። የማስተማሪያው ቦታም ለሌላ ሰው ሆነ። ጡረታዬን ይዤ የምኖርባት ቤት ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ግቢ በአጥር ብቻ የምትለይ ናት። አንድ ቀን፣ ልጆቻቸው አድገው ለየራሳቸው ከወጡ በኋላ፣ ከበሩ ላይ ቆመው፣ «አንተ ግን ወንድሜ፣ ለምን ወደ አዲስ አበባህ አትሄድም? ይሄን ሁሉ ትምህርት ይዘህ እዚህ ምን አስሮህ?» ብለው ከልባቸው አዝነው ጠየቁኝ። «ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ እትዬ» አልኋቸው። ለዚያ ጥያቄ ያለኝ መልስ በሙሉ በዚያች ሰዓት ያሰረች ግራ እጃቸው ላይ ነበር፤ እሷም በሩን ደግፋ ነበር።

ከሁለት ክረምት በፊት መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ በየግቢያችን ተከተትን። አውቶቡስ የለም፣ ኔትወርክ የለም፤ መብራት ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይሄዳል። ሌላው ሰው ሲጨነቅ እኔ ሳልወድ በግድ አንድ ነገር ታዘብሁ፤ ከተማው ሁሉ ለጊዜው የእኔን ኑሮ መኖር ጀምሮ ነበር። ሐረግ ከባሕር ዳር ለጥቂት ቀን አያቷን ልትጠይቅ መጥታ በዚያው ቀርታለች። ለመመረቂያዋ የምትሠራው በቆጋ መስኖ ለገበሬዎች የውኃ ተራ የሚያወጣ ፕሮግራም ነው፤ ሁለት ዓይነት መንገድ ጽፋ የትኛው እንደሚፈጥን ትለካለች። ኮምፒውተሯ ያረጀ ላፕቶፕ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ መብራት እንደ መጣ አጥሩን ተሻግራ ጠራችኝ። «ጋሼ! ኧረ ይምጡ ጉድ ይዩ!»

ሄድሁ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከመደቡ ላይ ጋቢ ለብሰው ጋደም ብለዋል፤ የተኙ መሰለኝ።

«አንድ ደቂቃ የማይሞላ ሥራ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀ ይለኛል!» አለች። «መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ ወደ ድሮ ይመለሳል። አሁን ደግሞ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ኔትወርክ ብልጭ አለና ራሱን አስተካከለ መሰለኝ።»

ሳቄን መቆጣጠር አልቻልሁም። እንዲያ ስስቅ አይታኝ የማታውቀው ልጅ ደነገጠች።

«ምን ያስቅዎታል?»

«ፕሮግራምሽም እንደ እኔ ፍኖተ ሰላም ነው የሠራው» አልኋት። «ማሽኑ ልክ ሳይሆን አይቀርም።»

ከዚያ አጠገቧ ተቀመጥሁና ስለ ሁለቱ ሰዓቶች ነገርኋት። ስለ አባቴ ጥላና ስለ ዳዊታቸው፣ ስለ ስልክ ቁጥሩ፣ ስለ በርበሬው፣ ስለ ዐሥር ደቂቃው። ለምን እንደ ነገርኋት አላውቅም፤ ምናልባት ከሃያ ዓመት ጋር ስላመጣችብኝ ነው። የሰው ስም አልጠራሁም። ሐረግ አገጯን በእጇ ደግፋ ሰማችኝ፤ እንዳበቃሁ የጠየቀችው ማንም የሚጠይቀውን ነው።

«ሰዓቱን የነካው ግን ማን ነበር?»

«ሰዓት?» አለ ከኋላችን አንድ ድምፅ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በክርናቸው ተደግፈው ቀና ብለዋል። ከወሬው የደረሳቸው ያቺ ቃል ብቻ ነበረች። «ይሄ ሰውዬ መቼ ሰዓት መሙላት ያውቅና! ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ያሳስተው ነበር። በተለይ ያን የፈተና ዕለት እኔ ባልደርስለት ኖሮ ምን ይውጠው ነበር! አቃናሁለት። ዐሥር ደቂቃ አይደል የወጣለት? አገር ጉድ ብሎለት!»

የሐረግ እጅ ከመተየቢያው ላይ ቀረ። አያቷን አየች፣ እኔን አየች። ወጣቶች ሲገባቸው ፊታቸውን መደበቅ አይችሉም፤ አፏ ሲከፈት ቀድሜ ራሴን ነቀነቅሁላት። ዘጋችው።

«ምነው ዝም አላችሁ? ዋሸሁ?» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

«ኧረ እውነትዎን ነው፣ እትዬ» አልሁ። «ያኔም አላመሰገንሁዎትም። እግዜር ይስጥልኝ።»

«እኔማ ምን አደረግሁ» አሉ ደስ እያላቸው፣ ተመልሰው ጋደም እያሉ። «ሰዓት ነው።»

ሐረግ ወደ ማሽኑ ዞረች። አንዲት መስመር ሰረዘች፤ በምትኩ ወደ ኋላ የማይመለሰውን ሰዓት የሚጠራውን አስገባችና ፕሮግራሙን አስነሣች። ውጤቱ ወዲያው ወጣ፤ ትንሽ፣ ተራ፣ እውነተኛ ቁጥር ነበር። አላነበበችልኝም።

«ሐረጌ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉ አያቷ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

በላፕቶፑ መስኮት ጥግ፣ ኔትወርኩ ያቃናው ሰዓት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ልጅቱ አየችው። ከዚያ ከወንበሯ ተነሥታ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ከጋቢው ሥር የአያቷን ግራ እጅ በሁለት እጇ አወጣችና ከትልቁ ሰዓት ላይ ጎንበስ ብላ አነበበችላቸው።